ፋታ ሊሰጠን የመጣ እንግዳ

«እኔ የሚቀየር ተጫዋች አይደለሁም በያት!» አሉ አያቴ፣ ተደግፈው የሚሄዱበትን ዎከራቸውን ከወለሉ ጋር እያጋጩ።

«አባባ፣ እርስዎን ማን ቀየረ?» አለች እናቴ። «የምወጣው እኔ ነኝ። እሱም ለአራት ሰዓት ብቻ።»

«ይባስ! አንቺ ወጥተሽ ማን ሊገባ ነው?»

«ሰው እንልካለን ነው የሚሉት።»

«የምን ሰው?»

«የሠለጠነ ሰው።»

«የሠለጠነ ሰው ምን ያደርግልኛል? አንቺ መቼ ሠለጠንሽና ነው እስከ ዛሬ በደህና የያዝሽኝ?»

እናቴ ይህን እንደ ምስጋና ትቁጠረው እንደ ስድብ አልገባትም። ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ሚስ ሊንዳ ሻይዋን እንደያዘች ሁለቱንም በየተራ እያየች ፈገግ ስትል ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። ሚስ ሊንዳ ሽማግሌ በቤታቸው የሚያስታምሙ ቤተሰቦችን የሚረዳ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበረች።

«ምን እያሉ ነው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ጥያቄ አላቸው» አልኳት።

«ኦ፣ ግሩም! ጥያቄ ጥሩ ነው።»

ዕድሜዬ አሥር ነበር፤ የቤታችን አስተርጓሚ ደግሞ እኔ ነበርኩ። በስልክ በነፃ የሚያስተረጉም ሰው እንዳለ ተነግሮን ነበር። እናቴ አንድ ጊዜ ሞከረችው፤ የአስተርጓሚውን ድምፅ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው መሰላትና «ደህና ነን፣ ምንም ችግር የለብንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ የቤታችን ገመና በሙሉ በእኔ አፍ ብቻ ነበር የሚያልፈው።

ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ ባለፈው ሰሞን ባቡር ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ፀጉሩን የኮኮናት ዘይት ተቀብቶ ኖሮ፣ ሽታው ሲደርሰኝ ሬኒየር ቫሊ የሚባለው ሰፈር የነበረው ቤታችን ከነምንጣፉ ከች አለብኝ። ያን ጊዜ ባቡሩ ራሱ አልነበረም። ዋናው መንገድ ለሐዲዱ ተቆፋፍሮ፣ ብርቱካናማ በርሜሎች ተደርድረውበት፣ ወደ አፓርታማችን የሚያስገባው መንገድ በየሳምንቱ ይቀያየር ነበር። አያቴ በመስኮት ቁልቁል እያዩ «እነዚህ ሰዎች የጠፋባቸውን ነገር እስካሁን አላገኙትም?» ይሉ ነበር።

አያቴ የአባቴ አባት ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ፤ እኛ ጋ መጥተውም ዳኝነቱን አልተዉም። እራት ላይ ማን ቀድሞ እንደጎረሰ፣ ማን ሪሞቱን እንደደበቀ፣ ማን ጫማውን ሳያወልቅ እንደገባ የሚፈርዱት እሳቸው ነበሩ። አባቴ ኦበርን ከተማ ከሚሠራበት መጋዘን ደክሞት ሲመጣና ኮቱን ወንበር ላይ ሲወረውር «ማስጠንቀቂያ!» ይሉታል። አባቴም የአርባ ዓመት ሰው ሆኖ ኮቱን ያነሳል።

የአፓርታማው ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ እናቴ ትከሻ ላይ ወደቀ። ኤርፖርት የነበራትን ሥራ ተወች። ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ ታነሳቸዋለች፣ ታስቀምጣቸዋለች። ብቻዋን የምትሄድበት ቦታ የቆሻሻ ገንዳው ብቻ ነበር፤ እዚያም ትንሽ ከቆየች አያቴ «አልማዝ የት ሄደች?» ብለው እኔን ይልኩኛል።

ቃሉን የሰማነው ክሊኒክ ነው። ነርሷ የአያቴን የደም ግፊት ለክታ «የወጣት ነው» አለች። ከዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አፏን ከፍታ ያንቀላፋችውን እናቴን አየቻት። ቀስቅሳ የእሷንም ለካች። እንደገና ለካች። መሣሪያ ቀይራ ለካች።

«ንገሪያት» አለችኝ። «እንዲህ ከቀጠለች ከእሳቸው በፊት የምትወድቀው እሷ ናት። ሬስፒት ያስፈልጋታል።»

የመጀመሪያውን ተረጎምኩና ሁለተኛው ላይ ቆምኩ። ቃሉን አላውቀውም።

«ሬስፒት ያስፈልግሻል አለች።»

«ምንድን ነው? መድኃኒት ነው?»

«እንጃ። ሊሆን ይችላል።»

«ከምግብ በፊት ነው በኋላ፣ ጠይቂያት።»

አባቴ ማታ ሲመጣ ጠየቅነው። «ብሬክ ማለት ነው» አለ። «እኛም ኦበርን አለን። አሥራ አምስት ደቂቃ።»

«አሥራ አምስት ደቂቃ ለምን ይበቃል?» አለች እናቴ።

«ለምንም አይበቃም። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው።»

እኔ ደግሞ በአማርኛ ቃል ፈለግኩለት። «እረፍት» እንዳልል፣ አያቴ በስልክ «አረፈ» ሲባሉ የሚሰሙት ስለ ጓደኞቻቸው ብቻ ስለነበር ቃሉን አይወዱትም። «እፎይታ» እንዳልል፣ እፎይ ሰው ከተቀመጠ በኋላ ራሱ የሚለው ነገር እንጂ መሥሪያ ቤት የሚልከው አይደለም። «ፋታ» የተሻለ መሰለኝ። ግን ሳስበው፣ እናቴ ፋታ ሲኖራት ሰምቼ አላውቅም። ፋታ የለኝም፣ ፋታ አጣሁ፣ ፋታ ነሳችሁኝ ነው የምትለው። ያንን ቃል በቤታችን የምናውቀው በመጥፋቱ ብቻ ነበር። እና እንዴት አድርጌ ነው አሁን አንዲት ፈረንጅ በአራት በአራት ሰዓት ከፋፍላ ልታመጣልን ነው የምለው?

በነጋታው ትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። የመጀመሪያው ፍቺ ከሚያደክም ነገር የሚገኝ አጭር እረፍት ይላል። ደህና። ሁለተኛው ግን ሞት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱ ለጥቂት ጊዜ ሲዘገይለት ነው ይላል። ፍቺውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተፈረደብን ነገር አለ ማለት ነው። ማን እንደፈረደብን አላወቅኩም፤ ነርሷ ደውላ ያገናኘችን ሚስ ሊንዳ ግን የምታውቅ መሰለኝ፤ ያን ሁሉ ፈገግታ በነፃ የሚሰጥ ሰው የለም። ስለዚህ ቤታችን መጥታ ሻይዋን ስትጠጣ፣ አያቴና እናቴ ሲከራከሩ፣ እኔ የራሴን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«ከአራቱ ሰዓት በኋላ ምን ይሆናል?»

«ከዚያማ እናትሽ ትመለሳለች» አለች ጉንጬን ነካ አድርጋ።

ተረጎምኩ።

«ይኸው!» አሉ አያቴ። «ትመለሳለች ካሉ መሄዷ አይቀርም ማለት ነው።»

ቢሆንም ነርሷ ያለችው ነገር አባቴን አስፈርቶት ነበርና እሱ ወሰነ። እናቴ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጠች፤ የሚላከው ሰው ሐበሻ እንዳይሆን። «አማቷን በቅጥር አስያዘች የሚለው ወሬ እኔ ሳልደርስ ቅዳሴ ይገባል።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ ዝግጅት ሐሙስ ጀመረ። መጋረጃው ወርዶ ታጠበ። ምንጣፉ ተጎተተ። ዓርብ ዶሮው ተገነጠለ፣ ሽንኩርቱ ተከተፈ፣ ቤቱ ቁሌት ቁሌት ሸተተ።

«አልማዝ፣ የሚመጣው እኮ ሠራተኛ ነው» አለ አባቴ።

«ቤቴ የሚገባ ሁሉ እንግዳ ነው።»

«የሚመጣው አንቺ እንድታርፊ ነው!»

«አርፋለሁ። መጀመሪያ ቤቱ ይስተካከል።»

አያቴም በፒጃማ እንግዳ አልቀበልም አሉ። እናቴ ጢማቸውን ላጨች፣ ሙሉ ልብሳቸውን ተኮሰች፣ ክራቫታቸውን አሰረች። ጥቁር ጫማቸው ተወለወለ። እግራቸው ስላበጠ ሊያጠልቁት አልቻሉም፤ ስለዚህ ነጠላ ጫማ አድርገው የተወለወለውን ጫማ ከጎናቸው አስቀመጡት፤ እንግዳው ጫማ እንዳላቸው ይወቅ ብለው።

በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ። የምጠብቀው እንደ ሚስ ሊንዳ ያለች ሴት ነበር። በሩን ሞልቶ የቆመው ግን አበባ ያለበት ሸሚዝ የለበሰ፣ ረጅም ፀጉሩን ወደ ኋላ የቋጠረ፣ የኮኮናት ሽታው ቀድሞት የገባ ግዙፍ ወጣት ነበር። ስሙ ታቪታ ነው። ወላጆቹ ከሳሞአ ደሴቶች የመጡ የታኮማ ልጅ ነው። ማንም ሳይነግረው ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ። ሁለት ጀልባ የሚያህል ጫማ።

«በሥርዓት ያደገ ልጅ ነው» አለች እናቴ በሹክሹክታ፤ ልቧ በዚያች ቅጽበት ተሸነፈ።

አያቴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «እሳቸውን ከማን ጋር ነው የሚያጋጥሟቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ለማያውቁት እንግዳ አንቱታ አይጎድልባቸውም።

ታቪታ ሊሠራ እጁን ታጠበ። እናቴ ለመብላት የታጠበ መስሏት ሰሃን አቀረበች። እሱ ፈገግ ብሎ ከሚያስታምማቸው ሰዎች ቤት መብላት እንደማይችል ነገረኝ።

«አልበላም አለ» አልኳት።

«ጾመኛ ነው?»

«አይደለም። አይፈቀድለትም።»

«ማነው የማይፈቅድለት?»

«መሥሪያ ቤቱ።»

«መሥሪያ ቤቱ እዚህ አለ?» አለች ዙሪያዋን እያየች። «በሩን ቆልፊው።» ከዚያ በቀጥታ ወደ እሱ ዞራ፣ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» አለችው።

«ምን አለች?»

«በሞቷ ይዛሃለች» አልኩት። «አፈር እሆናለሁ ነው የምትለው።»

የታቪታ ፊት ተለወጠ። ቀስ ብሎ በርከክ አለና ዓይኔን እያየ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «እናትሽ እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙ ጊዜ ትላለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምግብ በቀረበ ቁጥር» አልኩት።

እናቴን አያት። ሰሃኑን አየ። የሰው ሕይወት ለማዳን ነው መሰለኝ የጎረሰው። ሁለተኛውን ግን ለራሱ ነው የጎረሰው፤ ሦስተኛውን እናቴ አጎረሰችው።

አራቱ ሰዓት እንዲህ አለፈ። እናቴ አቀረበች፣ አነሳች፣ ሻይ አፈላች፣ ፍራፍሬ ላጠች። ታቪታ ሳህን ሊያጥብ ሲነሳ ስፖንጁን ከእጁ ነጠቀችው። አያቴን ሊደግፍ ሲጠጋ እሳቸው «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ በያቸው» ይላሉ። አያቴ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው፣ እንደ ፎቶግራፍ ተቀምጠው ዋሉ። እንግዳው ወጥቶ በሩ እንደተዘጋ ተዝለፍልፈው ወደቁና እናቴና እኔ ጎትተን አልጋ ላይ አወጣናቸው። እናቴ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች፣ «እግዜር ያሳይሽ፣ እንዲህ ያለ ሬስፒት በጠላቴም አይድረስ» አለች። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓረፍተ ነገር የተጠቀመችው ያን ቀን ነው። የመዝገበ ቃላቱን ሁለተኛ ፍቺ አስታወስኩና፣ እውነትም ቅጣቱ ይህ ነው አልኩ በልቤ።

ሰኞ ሚስ ሊንዳ ደወለች። እናቴ ከቤት እንዳልወጣች ሰምታለች። ፈገግታዋ በስልክ ውስጥ ሳስቶ ይሰማል። ይህንን ዕድል ብዙ ቤተሰብ እየጠበቀ ነው፤ እናቴ ካልተጠቀመችበት በወሩ መጨረሻ ለሌላ ይሰጣል።

«ይስጡት» አለች እናቴ።

አባቴ ግን ጮኸ። አባቴ አይጮህም። «አንቺ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል? እኔ ኦበርን ነኝ! ይቺ ልጅ ታንሳሽ?»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። እኔ ክንዴን አየሁ። እናቴ የወደቀች ቀን፣ በዚያ ክንድ ሳነሳት ታየኝና የእውነት ፈራሁ። ከዚያ በፊት የምፈራው መዝገበ ቃላቱን ነበር።

«እሺ፣ ወጥቼ የት ልሂድ?» አለች እናቴ።

አያቴ «ቤተ ክርስቲያን» አሉ። «አባባን ለማን ጥለሽ መጣሽ ይሉኛል» አለች። አባቴ «ሱቅ» አለ። «ምን ልገዛ?» አለች። እኔ «ላይብረሪ» አልኩ። «በምን ቋንቋ ላነብ?» አለች።

ሁለተኛው ቅዳሜ ዶሮ አልነበረም፤ ቋንጣ ፍርፍር ብቻ። አያቴ ክራቫቱን ትተው ኮቱን አላስቀሩም። እናቴ ታቪታን ካስቀመጠችና ካበላች በኋላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ይቅርታ እየጠየቀች ወጣች። እኔ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። መኪናዋ ውስጥ ገባች። ሞተሩን አላስነሳችም። ፓርኪንጉ ውስጥ ተቀምጣ ወደ መስኮታችን ቀና ብላ ታያለች። ስልኩ ጮኸ።

«ሶሲ፣ ደህና ናቸው?»

«እማዬ፣ እያየሁሽ ነው እኮ።»

«መልሺልኝ። ደህና ናቸው?»

ደህና አልነበሩም። አያቴ ሽንታቸው መጥቶ ነበር። ታቪታ ነገሩ ገብቶታል፤ ተነስቶ እጁን ዘረጋላቸው። አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ እስክትመጣ እቆያለሁ በያቸው።»

«ሥራው ነው እኮ፣ አባባ» አልኳቸው።

«እንግዳ ፊት ሱሪዬን ላውልቅ?»

ነገርኩት። ታቪታ ምንም አልተቀየመም። «የኔም አያት እንዲሁ ናቸው» አለና ተመልሶ ተቀመጠ። አያቴ ቀይ ሆኑ፣ ከዚያ ጠቆሩ፣ ከዚያ የሚያውቁትን ጸሎት ሁሉ ደገሙ። እኔ በስልኩ «ነይ» አልኳትና መጋረጃውን ገለጥኩ። እናቴ ከመኪናው ወጥታ፣ በበርሜሎቹ መካከል እየዘለለች፣ ደረጃውን እየሮጠች መጣች። መታጠቢያ ቤት ወስዳ ካመጣቻቸው በኋላ አያቴ እፎይ ሲሉ፣ እሷ በር ተደግፋ ታለከልካለች።

«አላልኩም?» አሉ አያቴ፣ ድል ባደረገ ሰው ድምፅ። «ቅያሪው አይሠራም።»

እናቴ አልመለሰችላቸውም። ያን ዕለት ምሳቸውን ሳታጎርሳቸው ሰሃኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጣ ጓዳ ገባች። ቤታችን ውስጥ ካየሁት ጠብ ሁሉ ትልቁ ይኸው ነበር። አያቴ ራሳቸው ጎረሱ። ራሳቸው መጉረስ እንደሚችሉ ለካ ሁላችንም ረስተነው ነበር።

«ተቆጣች?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ደክሟት ነው።»

አንድ ጉርሻ ጨመሩ። «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ጨርቅ ይባል ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ይሄ ሰውዬ ግን ገና ወርቅ ነው። ምን ላድርግ? ወርቅ ላይ አይሸናም።»

ሦስተኛው ቅዳሜ የወሩ መጨረሻ ነበር። ሚስ ሊንዳ ዓርብ ደውላ፣ ነገም እናቴ ቤት ከዋለች ታቪታ ወደ ሌላ ቤተሰብ እንደሚሄድ፣ በጣም እንደምታዝን፣ እንደምትወደን ነገረችኝ። ሁሉንም ተረጎምኩ፤ የምትወደንንም ጭምር።

እናቴ ኮቷን ለበሰች። ቦርሳዋን ያዘች። ከዚያ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «ትንሽ ይጫወት፣ ከዚያ እወጣለሁ» አለች። ተነስታ ብርቱካን ሰጠችው፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ትራስ አመቻቸችለት፤ ተመልሳ ተቀመጠች። እንግዳን ከበሽተኛ ጋር ትቶ መውጣት እግሯ እምቢ አላት።

ቴሌቪዥኑ ላይ የእንግሊዝ ጨዋታ ነበር፤ ቀይ ለባሾችና ሰማያዊ ለባሾች። አያቴና ታቪታ ጎን ለጎን ሶፋው ላይ ናቸው፤ እኔ መሐላቸው። ቀዮቹ ጎል አገቡ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን አነሳ።

«ኦፍሳይድ» አሉ አያቴ ረጋ ብለው። «ትክክል።»

ታቪታ ራሱን ነቀነቀ። ጎሉ ጥሩ ነበር አለ። ተረጎምኩ።

«እንግዳው ልክ ናቸው በያቸው» አሉ አያቴ በጨዋነት፤ አንገታቸው ላይ ግን አንድ ሥር ተነሳ።

ጎሉ በድጋሚ ታየ። ታቪታ፣ «አዩ? እኩል ናቸው» አለ። ይህን ተርጉሜ ሳልጨርስ አያቴ መድኃኒታቸው ያለበትን ትሪ ወደ ራሳቸው ሳቡ። የቫይታሚኑን ብልቃጥ ተከላካይ አደረጉ። የሕመም ማስታገሻውን አጥቂ። የዓይን ጠብታው በረኛ ሆነ። «ይሄ እዚህ ነው። ኳሱ ሲመታ ይሄ የት ነው? እዚህ! ግልጽ ነው?»

ታቪታ በወፍራም ጣቱ የሕመም ማስታገሻውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋው። «ኖ። እዚህ ነበር።»

«እጅህን አንሳ ከሜዳዬ!»

አልተረጎምኩትም። አላስፈለገም። ታቪታ እጁን አነሳና፣ እሱ ራግቢ እንደሚጫወት፣ እነሱ ጋ ኳስን በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ጭራሽ ክልክል እንደሆነ፣ የኦፍሳይድ ሕግ ማንም እንዲያስተምረው እንደማይፈልግ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«ምን አለ?»

«ኳስ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው እነሱ ጋ።»

«ወደ ፊት? ታዲያ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ነው ጎል የምታገቡት? አንተ ደንቆሮ! አንተ ይሄን የሚያህል ገላ ተሸክመህ ሕግ የማታውቅ! እኔን፣ ስንት ሜዳ ያየሁትን…»

ታቪታ ቃሉ አልገባውም፤ መሰደቡ ግን ገብቶታል። እሱም በሳሞአኛ መለሰላቸው። ረጅም፣ ሞቅ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ሁለት እጅ የሚዘረጋበት ነገር ነበር። አያቴ በአማርኛ፣ እሱ በሳሞአኛ፣ ብልቃጦቹ ከወዲያ ወዲህ እየተገፉ፣ አንዳቸው ሌላውን አንድ ቃል ሳይቀር የሚሰሙ ይመስል ተጯጯሁ። እኔ መሐላቸው ሆኜ አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። የሚጠይቀኝ የለም።

ቀና ስል እናቴ ቆማለች። አያቴን እንደ አዲስ ሰው እያየቻቸው ነው። በቤታችን ሰው በእንግዳ ላይ አይጮህም። አያቴ የሚጮኹት በአባቴ፣ በእኔና በእሷ ላይ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። አያቴ በድንገት ጉልበታቸውን አጥብቀው ያዙ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። እናቴም ታውቀዋለች፤ ቦርሳዋን ልታስቀምጥ እጇን ዝቅ አደረገች።

አያቴ ግን ወደ እሷ አላዩም። ክንዳቸውን ወደ ታቪታ ዘረጉ።

«ና አንሳኝ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ! ቶሎ በል፣ ሁለተኛው አጋማሽ ሳይጀምር።»

ታቪታ አነሳቸው። እናቴና እኔ ሁለት ሆነን የምናቃስትበትን፣ እሱ እንደ ሕፃን ብድግ አድርጎ አቆማቸው። እየተከራከሩ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄዱ። ከውስጥም የአያቴ ድምፅ ይሰማል፤ ሱሪያቸው እየወረደ ስለ መስመር ዳኛው አቋቋም ያስረዱታል። ውሃው ተለቀቀ። ታቪታ በእንግሊዝኛ «ኦንሳይድ!» አለ። «ኦፍሳይድ!» አሉ አያቴ።

ሲመለሱ አያቴ እናቴን በሩ ላይ አዩዋት።

«አንቺ እስካሁን አለሽ እንዴ?»

«አባባ፣ ልሂድ?»

«ምን ትጠይቂኛለሽ? ሂጂ እንጂ! በር ላይ የሚገተር ሰው ጨዋታ ያበላሻል።» ከዚያ ሲቀመጡ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በደንብ አድርገሽ ሂጂ፣ ልጄ» አሉ።

እናቴ ለታቪታ ብርቱካን አልሰጠችም። ትራሱን አላየችም። ቁልፏን ከመንጠቆው አወረደች።

እኔ ጃኬቴን ለብሼ ጨርሻለሁ። አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛውን እየፈለግኩ ነው።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ካንቺ ጋር ነዋ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ማን ያስተረጉምልሻል?»

እናቴ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁት ስለቆየሁ መጀመሪያ ያሳላት መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብላ ጫማዬን ከእግሬ አወለቀችና ከታቪታ ጀልባዎች አጠገብ አስቀመጠችው። ግንባሬን ሳመችኝ።

«እማዬ፣ ግን የት ነው የምትሄጂው?»

«እኔ እንጃ» አለች። «ብቻዬን ነው የምሄደው።»

ወጣች፤ በሩም ተዘጋ።